በድንገተኛ ክፍል የአባላዘር በሽታ ምርመራ፦ መጋረጃው ይቅደም

በአንድ ወቅት በምዕራብ ጎጃም በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ታማሚ ዘመድ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አንድ ባለሙያ ሆዷን ይዛ የተኛች ሴት ዘንድ ቀረበና ባሏና ጎረቤቶቿ እየሰሙ፣ «የኔ እናት፣ የአባላዘር በሽታ ይዞሽ ያውቃል?» አላት። ቀና ብላ ባሏን አየችው። «ኧረ በጭራሽ!» አለች። ሌላ ምን ልትል ትችል ነበር?

ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ሕግ ነው። ጉዳዩ ግን ሁለቱንም ሙያ ይመለከታል።

ልየታ ምንድን ነው?

ምልክት ያላሳየን ሰው መርምሮ በሽታውን መለየት ነው። በጤና ጣቢያዎቻችን የአባላዘር በሽታ በአብዛኛው የሚታከመው ፈሳሽን፣ ቁስልንና የታችኛው ሆድ ሕመምን በማየት ነው። ሆኖም ጨብጥና ክላሚዲያ በብዙ ሴቶች ላይ ምልክት አያሳዩም። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስልም አያምም፤ ሳይታከም ይደርቃል፣ በሽታው ግን በሰውነት ውስጥ ይቀራል።

ለምን በድንገተኛ ክፍል?

ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ «ልመርመር» ብሎ ሥራ ፈትቶ አይመጣም። የሚመጣው ሲሰበር ወይም ሕመም ሲጠናበት ነው። ያልታከመ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ደግሞ ወደ ማህፀን ቱቦ ዘልቆ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝናና መካንነት ሊያስከትል ይችላል።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2006 እ.ኤ.አ. ከ13 እስከ 64 ዓመት ያሉ ታካሚዎች፣ በድንገተኛ ክፍል ጭምር፣ እምቢ ካላሉ በቀር ኤች አይ ቪ እንዲመረመሩ መክሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2007 እ.ኤ.አ. ባለሙያው ራሱ ምርመራውን እንዲያቀርብ መመሪያ አወጣ፤ አገራችንም በዚያው ዓመት አሠራሩን በመመሪያዋ አካተተች። የቂጥኝና የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ ከጣት በሚወሰድ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል።

ለተደፈረች ሴት ጊዜው ከዚህም ይጠብባል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀናት መወሰድ አለበት። በክልሉ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተነሣው ግጭት ጋር መንገድ በተደጋጋሚ መዘጋቱን ስናስብ፣ ሦስት ቀን ለገጠር ሴት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ይገባናል።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ የሙያ ምስጢር ማውጣትን ወንጀል ያደርጋል። ስለዚህ ታካሚዋ ትጠየቃለች እንጂ አትገደድም፤ ውጤቱም የሚነገረው ለእርሷ ነው። አጋሯ ካልታከመ መልሶ ሊይዛት ስለሚችል እንዴት እንደምትነግረው ባለሙያው ያማክራት።

በእኔ አስተያየት ድንገተኛ ክፍሎቻችን ምርመራውን ማቅረብ አለባቸው። የሆዷን ሕመም ምክንያት ለማወቅ ያቺ ሴት መጠየቅ ነበረባት። ባሏ ውጭ ቆሞ፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ በዝግታ ድምፅ።