ከጠፋችው ነጥብ እስከ ባለማቅለሚያው መስታወት

ነጭ ብርሃን በቀይ ብርጭቆ ስታሳልፉ ቀይ ይወጣል። አዲስ ብርሃን ተፈጥሮ እንዳይመስላችሁ፤ ብርጭቆው ሌሎቹን ቀለማት ውጦ ቀዩን አስቀርቶላችሁ ነው። ቀይ ብርሃን አስገብታችሁ ድግግሞሹ ልክ በእጥፍ የጨመረ አልትራቫዮሌት ቢወጣላችሁስ?

ይህ የታየው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ከዚያ በፊት ያልታየው ብርሃን ደካማ ስለነበር ነው። በቁስ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችን በሞላ እንደታሰሩ አስቧቸው። ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ሞላው በሳባችሁት ልክ ይለጠጣል፤ በኃይል ስትጎትቱት ግን ልኩን ይስታል። ኢ-መስመራዊ ኦፕቲክስ የሚባለው ዘርፍ የሚጀምረው ከዚህ መሳት ነው። የሚጎትት ክንድ የተገኘው በ1960 ሲሆን፣ እሱም ቴዎዶር ማይማን በካሊፎርኒያ የሠራው የሩቢ ሌዘር ነበር።

በዓመቱ ፒተር ፍራንከንና ባልደረቦቹ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሩቢ ሌዘርን ቀይ ብርሃን (694.3 ናኖሜትር) በኳርትዝ ክሪስታል አሳለፉ። ፎቶግራፍ ሳህኑ ላይ 347 ናኖሜትር አካባቢ አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ታየች፤ የሞገድ ርዝመቱ ልክ ግማሽ! የሚያስቀው ግን ሕትመቱ ላይ የደረሰው ነው። ነጥቧ ቆሻሻ መስላ ተሰረዘች። ዛሬም ጽሑፉን ብትከፍቱ ቀስቱ የሚያመለክተው ባዶ ቦታ ነው።

ኳርትዝ ጎበዝ አይደለም፤ ከገባው ብርሃን የቀየረው እጅግ ጥቂቱን ነው። የተሻለ ነገር የተገኘው ጨርቅ ማቅለሚያዎች ዘንድ ነው። ለምሳሌ ዲስፐርስ ሬድ 1ን ውሰዱ። ሞለኪውሉ ረዥም ነው፤ አንዱ ጫፍ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹ ወዲህና ወዲያ ሲንቀሳቀሱ ወደ አንዱ ጫፍ ማድላት ይቀላቸዋል።

ግን እኮ ማቅለሚያ ቤት ይፈልጋል። መስታወት ጥሩ ቤት ነበር፤ ችግሩ ተራ መስታወት ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲቀልጥ ማቅለሚያው ተቃጥሎ ያልቃል። መፍትሔው ያረጀ ነበር። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤበልመን በ1840ዎቹ አንድ የሲሊከን ውህድ እርጥብ አየር ላይ ሲቆይ ያለ እሳት ወደ መስታወት መሰል ጠጣር ሲለወጥ አይቷል። በ1984 ደግሞ በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አቭኒር፣ ሌቪና ራይስፌልድ ሮዳሚን 6ጂ የተባለ ማቅለሚያ በዚህ ዓይነት ቀዝቃዛ መስታወት ውስጥ አሠሩት። ሲታሠር ብርሃን በቀላሉ አላበላሸውም።

ንጹሑ ሲሊካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ካርቦናማ ቡድኖች ሲጨመሩበት ግን ትንሽ ልስላሴ ያገኛል። ድብልቁ ግማሽ ፕላስቲክ፣ ግማሽ መስታወት ነው ልትሉ ትችላላችሁ።

በኔ እይታ ከሁሉ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሞለኪውሎቹ እንደፈለጉ ወደየአቅጣጫው ከተኙ የአንዱ ሥራ የሌላውን ያጠፋዋል፤ እጥፍ ድግግሞሹም አይወጣም። ስለዚህ ስሱ ፊልም ይሞቃል፣ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ሞለኪውሎቹን ወደ አንድ ወገን ያሰልፋቸዋል፣ መስኩ ሳይነሳም ይቀዘቅዛል። ከዚያስ? ቀስ በቀስ ሰልፉ ይፈርሳል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ማቅለሚያውን ዝም ብለው ከመቀላቀል ይልቅ ከሲሊካው መረብ ጋር በኬሚካዊ ትስስር የሚያስሩት። ታስሮም ቢሆን ይፈተናል፦ 1064 ናኖሜትር የሆነ የማይታይ የሌዘር ብርሃን ያስገቡበታል፣ የሚወጣውን 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ይለካሉ፣ ከሳምንታት በኋላም ምን ያህሉ እንደቀረ ለማየት ደግመው ይለኩታል።