ለእንግሊዝኛው ማን ከፈለ?

ድሬ ጠያራ የሚለው ስም ራሱ የቋንቋ ትምህርት ነው። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ነው፤ «ጠያራ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን አውሮፕላን ማለት ነው። ሁለቱን ቃል ያጋጠመው የአገሩ ሰው ከማንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ ለአስተማሪም አልከፈለም። የድሬ ጠያራ ልጅ ዛሬም እንደዚያው ነው። በቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፤ ሐረር ገበያ ሲመላለስ ሐረሪኛና አማርኛ ይለቅማል፤ ሱማልኛም ትንሽ አያጣም። እንግሊዝኛ ግን ከገበያ አይለቀምም። መምህር ይፈልጋል፣ መጽሐፍ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ሰዓት ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ ናቸው። እንግዲህ ጥያቄያችን አጭር ነው፤ በዚህ አገር ለድሃው ልጅ እንግሊዝኛ ማን ከፈለ? ከፋዩ ሲሄድስ ምን ቀረ?

ታሪኩን ከጀጎል ግንብ እንጀምር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ሲገባ መግባቢያው ዐረብኛ እንጂ የአገሩ ቋንቋ አልነበረም። የከተማዋ የዕውቀት ቋንቋ ዐረብኛ ነበርና። ልጁ ቁርኣን የሚቀራው በሠፈሩ ነው፤ የመምህሩም ድጋፍ ከሠፈሩ ይወጣል። በክርስቲያኑም ወገን የቆሎ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ፣ ሕዝቡም እየሰጠ ዜማና ቅኔ ተምሯል። ድሃ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ግን ከረጢታቸው ሠፈር ውስጥ ስለነበረ ንጉሥ ሲለወጥ አልተዘጉም። ይህን ነገር እንያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ምኒልክ ሐረርን በ1879 ከያዙና ራስ መኰንን ከተሾሙ በኋላ የፈረንጅ አፍ መጣ፤ ግን ፈረንሳይኛ ነበር። የካቶሊክ ሚሲዮን በሐረር ያስተምር ነበር። ወጣቱ ተፈሪ መኰንንም ፈረንሳይኛን የተማሩት ከሚሲዮኑ ሰዎች፣ ከአባ ሳሙኤልና ከአባ እንድርያስ ዣሮሶ ነው። በ1895 ባቡር ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሲደርስ ፈረንሳይኛ የንግድም ቋንቋ ሆነ። ከፋዩ አንድም መኳንንቱ፣ አንድም ሚሲዮኑ ነው። ተማሪው እነማን ነበሩ? ከመኳንንቱ ደጅ ወይም ከሚሲዮኑ ግቢ የቀረቡት። ከግንቡ ውጪ ማሽላ የሚጠብቀውን ልጅ የጠራው አልነበረም።

መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ሐረር ከጣልያን እጅ ወጣች፤ ከድል በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ያዘ። በነዚያ ዓመታት መንግሥት በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪውን እያበላና እያለበሰ ያስተምር እንደነበር መርሳት አይገባም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገብቶት ነበር፤ የድሃ ልጅ ትምህርት ማለት መምህርና ጠመኔ ብቻ ሳይሆን ዳቦም ጭምር መሆኑ።

ገንዘቡ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ቆም እንበል። በ1940 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ በእርሻ መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ገበሬው ከፈለ። ትምህርት ቤቱ ግን ከተማ ውስጥ ተሠራ፤ ሁለተኛ ደረጃውማ ጭራሽ በጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ። ስለዚህ «ለገጠር ልጅ ርዳታ እንስጥ» ስንል ቃሉን መመዘን ይገባናል። የገጠሩ ሰው ከሁላችን በፊት ከፍሏል፤ ያላገኘው የከፈለበትን ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ፤ እንግሊዝኛ ከሰባተኛ ክፍል እንዲጀምር ተደረገ። ልጁ ስድስት ዓመት በአንድ ቋንቋ ተምሮ በአንድ ክረምት ወደ ሌላው ይሻገራል። ቤቱ አማርኛ የማይነገርበት ከሆነ ደግሞ ሁለት ወንዝ ተሻገረ ማለት ነው። ድልድዩን ማን ይሥራ? የውጭ ገንዘብ መጣ። በፖይንት ፎር ዕርዳታና በኦክላሆማ መምህራን የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ከሐረር ብዙ ሳይርቅ ተቋቋመ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በ1954/55 የአሜሪካ የሰላም ጓድ ሦስት መቶ ግድም ወጣቶች ልኮ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹን በእንግሊዝኛ አስተማሪነት አሰማራ። በ1957 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ፤ ተማሪው ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ በትንሽ አበል ያስተምር ነበር።

ሁለቱን እናወዳድር። ከሰላም ጓዶቹ ብዙ ሰው ተምሯል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ይውጡልን ብለው ተሰለፉ፤ በ1969 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሲቃቃሩ ድርጅቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። በኋላም ተመልሶ መጥቶ፣ ደግሞ ሄዷል። የመምህሩ መምጣትና መሄድ በተማሪው ፍላጎት ሳይሆን በፖለቲካ ሰዓት የሚለካ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ግን የራሳችን ነበር። ያስቆመው አብዮቱ ነው፤ ተማሪው በሙሉ በ1967 ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጠራ በዚያው ተዋጠ።

ከዚያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ፤ ሐምሌ 1971። ይህ ስለ እንግሊዝኛ አልነበረም፤ በአገር ቋንቋዎች ነበር፤ ቋንቋዎቹም እየተጨመሩ አሥራ አምስት ደረሱ። የምናነሣው ለአከፋፈሉ ነው። አስተማሪው በአብዛኛው ተማሪና መምህር፣ ክፍሉ ያለው ትምህርት ቤት ወይም የዛፍ ጥላ፣ ደብተርና እርሳሱ ከመዋጮ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ሸለመው። መዋጮው ሁሉ በፈቃድ ነበር ብለን አንዋሽም፤ ዘማቹም ሁሉ ወዶ አልዘመተም። ጦርነቱም የአገሩን ጉልበት ጨረሰው። ሆኖም ድሃ አገር በራሱ ከረጢት ማስተማር እንደሚችል ታይቷል።

አሁን ወዳለንበት እንምጣ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ለአንደኛ ደረጃ ሰጠ፤ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ማስተማሪያ አደረገው። መርሁ ጥሩ ነው፤ ወንዙ ግን አልጠፋም፤ ቦታውን ብቻ ቀየረ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኙ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጣው 3.3 በመቶ ነው፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ጥፋቱ የእንግሊዝኛ ብቻ ነው አንልም። ግን ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ የፊዚክሱን ጥያቄ ያላነበበ ልጅ ፊዚክስ ቢያውቅስ ምን ያረጋል? የከተማው ባለገንዘብ ለልጁ አስጠኚ ይቀጥራል። የድሬ ጠያራ ገበሬ በምኑ ይቅጠር?

ከውጭ አንድ መልስ ተሰጥቶ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ2004 እ.ኤ.አ. አክሰስ የተባለ ፕሮግራም ጀመረ፤ አቅም የሌላቸውን ወጣቶች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሁለት ዓመት፣ ቢያንስ 360 ሰዓት እንግሊዝኛ የሚያስተምር ነው። በብዙ አገሮች ሲሰጥ በኢትዮጵያም ተሰጥቷል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የእንዲህ ያለ ገንዘብ ቁልፍ ባሕር ማዶ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን የውጭ ዕርዳታውን ስታግድና ዩኤስኤአይዲን ስትዘጋ፣ በአንድ ፊርማ ስንት ሥራ እንደሚቆም ዓለም አየ። አክሰስ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው።

ደግሞ አንድ ወጪ አለ፣ በማንም ለጋሽ መዝገብ የማይገባ። እሱም የልጁ ከሰዓት በኋላ ነው። ከመካከላችን በዚህ አካባቢ ያደግን እናውቀዋለን። ከትምህርት ቤት መልስ ጫት የሚለቀምበት፣ ከብት የሚመለስበት፣ ለልጃገረዷ ደግሞ ውኃ የሚቀዳበት ሰዓት ነው። «ትምህርቱ ነፃ ነው» ሲባል አባት በልቡ ያሰላል፤ የልጄን ሁለት ሰዓት ማን ይመልስልኛል? ነፃ የተባለው ክፍል በወቅቱ ባዶ የሚሆነው ልጁ ሰንፎ አይደለም፤ ከፍሎ አልችል ብሎ ነው። ከድል በኋላ ተማሪውን ያበላው ትምህርት ቤት ይህን ተረድቶ ነበር፤ እኛ ረሳነው።

ከጓደኞቻችን አንዳንዱ፣ «እንግሊዝኛ የባዕድ ቋንቋ ነው፤ ለሱ ምን ያስለፋናል?» ይላል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ የአገር ቋንቋ ይደግ የሚል ከኛ ጋር ነው። ነገር ግን ይህን የሚለው ጓደኛችን ራሱ በእንግሊዝኛ ተፈትኖ እዚህ ገብቷል፤ በእንግሊዝኛም ይማራል። በሩን አልፎ ገብቶ፣ ውጪ ለቆመው «ቁልፉ አያስፈልግህም» ማለት ፍርድ አይደለም። በሩ እስኪለወጥ ድረስ ቁልፉን ማካፈል ግዴታችን ነው።

ታዲያ ማን ይክፈል? ሒሳቡን እንሥራ። 360 ሰዓት ለሁለት ዓመት ሲካፈል በዓመት 180 ነው፤ በ36 የትምህርት ሳምንታት ሲካፈል በሳምንት አምስት ሰዓት። አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ አንድ ሰዓት ቢሰጡ የአንድ ክፍል መምህር ተገኘ። ዓለማያ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከድሬ ጠያራም ሩቅ አይደለም። ክፍሉ ተማሪ ሲወጣ ባዶውን የሚያድር ትምህርት ቤት ነው። የመምህሩን መጓጓዣ ዩኒቨርሲቲው፣ መጽሐፉን የትምህርት ቢሮው ይቻል። የቀረው የልጁ ሰዓት ነው፤ ለዚህ ሐረር የራሷ ዕውቀት አላት። አፎቻ ለሠርግና ለሐዘን ጎረቤት የሚተጋገዝበት የቆየ ማኅበር ነው፤ ዕድርም እንዲሁ። የሞተን ለመቅበር የሚያዋጣ ሠፈር፣ የሚማርን ልጅ ሥራ ለሁለት ሰዓት መተካት አያቅተውም። የመልቀሙ ሳምንት ሲመጣ ክፍሉ ይዘጋ፤ ሲያልፍ ይከፈት። የቀን አቆጣጠሩን ገበሬው ያውጣ።

የውጭ ዕርዳታ ቢመጣ እሰየው፤ መጻሕፍት ይግዛበት። የክፍሉ ምሰሶ ግን አይሁን። የታሪካችን ትምህርት ይኸው ነው። በሚሲዮን፣ በሰላም ጓድና በኤምባሲ ገንዘብ የተከፈተው ክፍል ለጥቂቶች ጠቅሟል፤ ባለቤቱ ሲሄድ ግን አብሮ ሊሄድ ይችላል። የሠፈሩ ቁርኣን ቤትና የቆሎ ተማሪው ጉባኤ ግን አሁንም አሉ።

ጠያራ መጥታ ትሄዳለች፤ ሜዳው ነው የሚቀረው። ትምህርቱን ሜዳው ላይ እንትከለው።