ቅይጥ መያዣ፦ ቡሎንና ዳዶ በአንድ አለት ላይ

ቅይጥ መያዣ፦ በአለት መውጣት ስፖርት፣ ወጪው ቢወድቅ ገመዱን ይዘው የሚያስቀሩት ነገሮች ከፊሎቹ አለቱ ላይ በቋሚነት የተተከሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ራሱ እየወጣ የሚሰካቸው፣ ከኋላው የሚወጣው ጓደኛውም የሚነቅላቸው ሲሆኑ የሚሰጥ ስም። በእንግሊዝኛ «ሚክስድ ፕሮቴክሽን» ይባላል።

ነገሩ እንዲገባን ከገመዱ እንነሣ። በደብረ ዳሞ ገደል ገመድ መውጫ ነው፤ እንግዳው ጨብጦት ይወጣል፣ ከላይ ያሉትም ይጎትቱታል። በዚህ ስፖርት ግን ሰው የሚወጣው በእጁና በእግሩ ብቻ ነው። ገመዱ ወገቡ ላይ ታስሮ ከታች ይከተለዋል፤ መሬት ላይ የቆመው ጓደኛው እየለቀቀለት፣ ሲወድቅም አጥብቆ ይይዝለታል። በመካከል ገመዱን ከአለቱ ጋር የሚያገናኝ ነገር ከሌለ ገመዱ ጌጥ ነው። ከመጨረሻው መያዣ 3 ሜትር ከፍ ብሎ የወደቀ ሰው ቢያንስ 6 ሜትር ይወርዳል፤ የገመዱ መለጠጥ ሲታከልበት ከዚያም ያልፋል።

መያዣ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቡሎን ነው። አለቱ ተሰርስሮ ይገባል፣ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ብረት ይታሰርበታል፣ ወጪው ካራቢነር በሚባለው በር ያለው ቀለበት ገመዱን ያያይዝበታል። ቡሎኑ አንዴ ከተተከለ ለመጣው ሁሉ ያገለግላል።

ሁለተኛው ተነቃይ መያዣ ነው፤ አንዱን ዳዶ እንበለው። እዚህ ላይ የጋራዦቻችን ቋንቋ ይረዳናል፤ ተነቃዩ ዳዶ በእርግጥም ከማሽን ዳዶ የመጣ ነውና። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የብሪታንያ ወጪዎች ተራ የማሽን ዳዶ ውስጥ ገመድ አሳልፈው ስንጥቅ ውስጥ ይወትፉት ነበር። ስንጥቁ ወደ ታች ሲጠብ ዳዶው ይቀረቀራል፤ በተሳበ ቁጥር ይብሱን ይጠብቃል። በኋላ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሽብልቅ ቅርጽ ይዞ መመረት ጀመረ። በ1972 አሜሪካውያኑ ኢቮን ሹናርድና ቶም ፍሮስት በመዶሻ የሚመታ ችንካር ስንጥቆችን እያበላሸ መሆኑን በዕቃ ካታሎጋቸው ላይ ጽፈው ወጪዎች ወደ ዳዶ እንዲዞሩ ቀሰቀሱ። ስንጥቁ ወጥ ስፋት ካለው ግን ዳዶ አይቀረቀርም። ለዚህ መልስ ያመጣው ሬይ ጃርዲን ነው፤ በ1978 ለገበያ የቀረበው መሣሪያው ሞላ አለው፣ ሲጎትቱት ጥርሶቹ ይከፈቱና የስንጥቁን ግድግዳ ግራና ቀኝ ይገፋሉ። ባለሞላ ብንለው ያስኬዳል።

ታዲያ ለምን ይቀየጣሉ? መልሱ ከአለቱ ነው። ዳዶና ባለሞላ ስንጥቅ ይፈልጋሉ። ልሙጥ ተዳፋት፣ ማለትም እንደ ግድግዳ ቀጥ ያላለና ፊቱ ገላጣ የሆነ አለት፣ ብዙ ጊዜ ስንጥቅ የለውም። በደቡብ ካሊፎርኒያ በረሃ ባለው የጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርክ እንዲህ ያለ አለት ሞልቷል። የግራናይት ዘመድ የሆነ ሻካራ ድንጋይ ነው፤ አብዛኞቹ መስመሮቹም፣ ማለትም የመውጫ መንገዶቹ፣ አጭር ስለሆኑ በአንድ ገመድ ርዝመት ያልቃሉ። ከታች ስንጥቅ ኖሮት ከመካከል ወዲያ ልሙጥ የሚሆን መስመር ካለ፣ ስንጥቁ ላይ ዳዶና ባለሞላ፣ ልሙጡ ላይ ቡሎን ይገባል። ቅይጥ የሚባለው ይኸው ነው።

ቡሎን አለ ማለት ግን ቡሎን በዛ ማለት አይደለም። በካሊፎርኒያ የቀደሙት ወጪዎች ብዙዎቹን ቡሎኖች የተከሉት ከላይ ተንጠልጥለው ሳይሆን ከታች እየወጡ፣ ልሙጡ ላይ በእግራቸው ቆመው፣ በመዶሻና በእጅ መሰርሰሪያ ነው። ሁለት እጅ ለቆ መቆም የሚቻለው እግር ደህና ቦታ ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ቡሎኖቹም የተተከሉት እዚያ እዚያ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ቡሎን እስከ ሌላው ረጅም ባዶ መንገድ ሊኖር ይችላል።

በዚያ ባዶ መንገድ ላይ ሥራው የእግር ነው። የሚጨበጥ ነገር የለም፤ መዳፍ አለቱን ተደግፎ ሚዛን ይጠብቃል እንጂ አይስብም። ተረከዝ ዝቅ ይላል፣ የጫማው ጎማ በሰፊው አለቱን ይነካል፣ ዳሌ ከአለቱ ራቅ ብሎ ክብደቱ እግር ላይ ያርፋል። ፍርሃት ግን ተቃራኒውን ያዛል፤ አለቱን እቀፈው ይላል። አቅፎ የተለጠፈ ሰው እግሩ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ጎማው ይለቃል፣ ይንሸራተታል። ተዳፋት ላይ የወደቀም አየር ላይ አይቀርም፤ መዳፉና ጉልበቱ እየተላጠ፣ ቁርጭምጭሚቱ ከየጉብታው እየተላተመ ይወርዳል።

አሁን ደግሞ የመስመርን አስቸጋሪነት ወደሚነግረን ቁጥር። በአሜሪካ የአለት መስመሮች አስቸጋሪነት ከ5.0 እስከ 5.15 ይለካል፤ 5.6 ወይም 5.7 መካከለኛ ይባላል። ይህ ቁጥር የሚናገረው የእርምጃውን አስቸጋሪነት እንጂ የመያዣውን ብዛት አይደለም። ለመያዣው ሌላ ምልክት አለ፤ ከአሜሪካ የፊልም ደረጃ የተወሰዱ ፊደላት ናቸው። «አር» የተጻፈበት መስመር መያዣው የተራራቀ ነው፣ መውደቅ ክፉ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ «ኤክስ» ደግሞ ሞት ሊያስከትል ይችላል ማለት ነው። 5.7 ሆኖ «አር» የሆነ መስመር ለጀማሪ ቀላል አይደለም።

ስለ አማርኛው ጥቂት እንበል። «ጥበቃ» ብንል አንባቢ የበር ዘበኛ ይታየዋል፤ «መከላከያ» ካልን ሠራዊቱ ይመጣል። «መያዣ» ግን ዕቃው የሚሠራውን ሥራ በቀጥታ ይናገራል። ለእጅ የሚሆነውን «መጨበጫ» ካልነው አይምታታም። «ቅይጥ»ንም ከቅይጥ ኢኮኖሚ ጀምሮ እናውቀዋለን። አነጋገሩ እንዲህ ይሆናል፦ «መስመሩ ቅይጥ መያዣ ነው፤ አራት ቡሎን አለው፣ ዳዶና ባለሞላ ግን ይዘህ ና።»

«ሚክስድ ክላይሚንግ» ከሚባለው ጋርም መምታታት የለበትም። ያ በረዶና አለት በሚፈራረቁበት ገደል ላይ በመጥረቢያና በሾለ የብረት ጫማ የሚወጣበት ሌላ ዘርፍ ነው፤ «ቅይጥ አወጣጥ» ቢባል ይበቃዋል።

«ቅይጥ መያዣ» የሚለውን በመስመር መግለጫ ላይ ያየ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ቡሎን አለ? ስንጥቁ ምን ያህል ስፋት ያለው ዳዶና ባለሞላ ይቀበላል? ጫፉ ላይስ ለመውረጃ የተተከለ ነገር አለ? በጆሹዋ ትሪ ብዙ መስመሮች ጫፋቸው ባዶ ነው፤ ወጪው በቀሩት ባለሞላዎች ራሱን አስሮ ጓደኛውን ያስወጣል፣ ከዚያ በሌላ በኩል በእግር ይወርዳሉ። ዳዶ መሰካት ከጽሑፍ አይለመድም፤ መሬት ላይ ቆማችሁ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ ሰክታችሁና ጎትታችሁ ሳትፈትኑ ቅይጥ መስመር አትጀምሩ።