ቁልፉ ማን ጋር ነው? ከዴር ሡልጣን ጣሪያ ላይ

በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ሳየው ያደግኩት ጎልጎታ ኮረብታ ነው። ሦስት መስቀል የቆመበት፣ ሰማዩ የጠቆረበት። ኢየሩሳሌም ስደርስ ያገኘሁት ግን ገበያ ነው። ቅመም፣ ጫማና ጣፋጭ በሚሸጥበት ጠባብ መንገድ ላይ እየተጋፋሁ ሄጄ በአንድ የድንጋይ ደረጃ ወደ ላይ ወጣሁ፤ አንዲት በር አለፍኩ። ወዲያው የገበያው ጫጫታ ጠፋ፣ ነጠላ ያጣፉ እናቶች ግድግዳ ተደግፈው ሲጸልዩ አየሁ። ዴር ሡልጣን ነበርኩ።

ገዳሙ ያለው ከጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። በግቢው መሐል ብቅ ያለው ጉልላት ከሥር ያለው የቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት ጉልላት ነው። ዙሪያውን በመስቀል ጦረኞች ዘመን የነበረ ገዳም ፍርስራሽ አለ። በፍርስራሹ መካከል ደግሞ ጎንበስ ካላሉ የማይገባባቸው የመነኮሳቱ ጎጆዎች። አውሮፓውያን ጎብኚዎች «የአፍሪካ መንደር» ሲሉት ይሰማል። እኔ የአያቴን ቤት ነው ያስታወሰኝ።

አንድ አረጋዊ አባት የወይራ ዛፍ አሳዩኝ። በትውፊቱ መሠረት ለይስሐቅ ቤዛ የሆነው በግ የተገኘበት የዕፀ ሳቤቅ ቦታ ነው። ጋዜጠኛ ነኝና «በእርግጥ እዚህ ነው?» ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። አጠገቤ የቆሙት እናት መሬቱን ሲስሙ ሳይ ዘጋሁት።

አሁን ወደ ታሪኩ። ኢትዮጵያውያን በኢየሩሳሌም መኖራቸው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ የተገኙትን የኢትዮጵያ መልእክተኞች የላኩት የኢየሩሳሌሙ ማኅበረሰባችን አበምኔት አባ ኒቆዲሞስ ናቸው። በዚያ ዘመን መነኮሳቱ በዋናው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይዞታ ነበራቸው። ከኦቶማኖች መምጣት በኋላ ግን የሚጠየቀውን ግብር መክፈል እያቃታቸው፣ አገር ቤትም በጦርነት ተጠምዶ ደራሽ እያጡ፣ ቦታ ቦታቸውን ለቀው መጨረሻ ጣሪያው ቀረላቸው። እ.ኤ.አ. በ1838 ደግሞ ወረርሽኝ መነኮሳቱን ፈጃቸው። መጻሕፍታቸውና ሰነዶቻቸው «በሽታ ያስተላልፋሉ» ተብለው መቃጠላቸው ይነገራል። ቁልፉ በግብፅ ኮፕቶች እጅ ገባ።

ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሰንበት ትምህርት ቤት ተነግሮናል፣ ተቆጭተናል። ብዙ የማንተርከው ቀጣዩን ነው።

ሚያዝያ 17 ቀን 1962 ዓ.ም. የትንሣኤ ሌሊት ነበር። ኮፕቶቹ በታችኛው ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ላይ ሳሉ፣ የእስራኤል ፖሊስ እየጠበቀ፣ የሁለቱ ጸሎት ቤቶች በሮች ቁልፍ ተቀየረ። በማግሥቱ ቁልፉ የእኛ ነበር። ኮፕቶቹ ከሰሱ። በ1971 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቁልፉ ይመለስላቸው አለ፣ የባለቤትነቱን ጉዳይ ግን መንግሥት እንዲወስን ተወለት። መንግሥት ኮሚቴ አቋቋመ። ቁልፉ አልተመለሰም፣ የባለቤትነት ጥያቄውም አልተፈታም።

ቦታው የእኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በትንሣኤ ሌሊት፣ ወንድም እየጸለየ፣ በሌላ መንግሥት ፖሊስ ጥበቃ የተገኘ ቁልፍ እንደ ድል ሲወራ ምቾት አይሰጠኝም። ኮፕቶች በ1838 የሆነውን ሲክዱ የምንቆጣ ሰዎች የ1962ቱን ሌሊት መዝለል የለብንም። (አስተያየት መስጫው ላይ ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ።)

ነገሩ አሁንም ትኩስ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በአንድ ሞቃት የሐምሌ ቀን፣ ይዞታ ለማስከበር ጣሪያው ላይ ተቀምጦ የሚውል ኮፕት መነኩሴ ወንበሩን ወደ ጥላ አስጠጋ። ከዚያ በተነሣ ድብድብ 11 መነኮሳት ሆስፒታል ገቡ። እንደ ድንበር መግፋት ተቆጥሮ ነው። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ማንም የነበረውን እንዳይለውጥ የሚያዝዝ የኦቶማን ሥርዓት እስካሁን ይሠራል። ከፊት ለፊቱ መስኮት ሥር የቆመች የእንጨት መሰላል እንኳ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቦታዋ እዚያው ነው። የዋናው በር ቁልፍ ያለው ደግሞ በሙስሊም ቤተሰብ እጅ ነው፣ ክርስቲያኖቹ እርስ በርስ አይተማመኑምና።

ስወጣ ከጣሪያው በአርባዕቱ እንስሳ ጸሎት ቤት ገባሁ። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ሥዕል አየሁ። ከዚያ በጠባቡ ደረጃ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ወረድኩ። እናቴ የላከችውን ጧፍ እዚያ አበራሁ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡትን አባት፣ «አባ፣ ቁልፉ ዛሬ ማን ጋር ነው?» አልኳቸው።

«እኛ ጋር ነው ልጄ» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው፣ «እነሱም ግን በየቀኑ በዚሁ ያልፋሉ። ሰላም እንባባላለን፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አንባባልም።»

ወደ አደባባዩ ወጣሁ። ጎብኚዎች መሰላሏን ፎቶ እያነሡ ነበር።