የእናቴ ነጠላና የካሜራው ዓይን

እናቴን በጥምቀት ዕለት ያነሣሁበት ፎቶግራፍ ከእጄ አለ። ነጭ ነጠላዋ አመድ መስሏል፣ ፊቷ ጨልሟል። ጥፋቱን ለዓመታት የራሴ አድርጌ ቆጠርሁት።

የካሜራ ብርሃን መለኪያ ግን ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ የሚነሣ መሣሪያ ነው። ፔንታክስ እ.ኤ.አ. በ1960 ከምስሉ አንዲት ነጥብ ብቻ የሚለካ ካሜራ ለዕይታ አቅርቦ «ስፖትማቲክ» አለው። በ1964 ለገበያ ሲበቃ ግን የመላውን ምስል አማካይ የሚወስድ ሆኖ ተገኘ (ነጥቧ በስሙ ላይ ብቻ ቀረች!)። በ1983 የኒኮን ኤፍኤ ምስሉን በአምስት ክፍል ከፍሎ መመዘን ጀመረ። ለዘወትር ፎቶግራፍ የምመርጠው የዚህን ዘር ነው። ነጠላ የለበሰ ሰው ሲገጥመኝ ግን ነጥቧን በፊቱ ላይ አሳርፌ እለካለሁ፤ ጠይም ከሆነም ብርሃኑን ጥቂት እቀንሳለሁ።

የእናቴ ፎቶግራፍ እንደ ጨለመ ነው፤ ሌላ የለኝም።