የስንቅ ስልቻ
የፍየል ቆዳ፣ ጠፍር
1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ግድም
ቤተ እስራኤል፣ ጎንደር

ቆዳው ሳይሰነጠቅ ተገፎ የተለፋ ነው። የፍየሉ አንገት የስልቻው አፍ ሆኗል፤ የእግሮቹ ቦታ በጠፍር ተቋጥሮ ተደፍኗል። በአፉ ዙሪያ ቆዳው የወዛው እጅ ስለበዛበት ነው።

እንዲህ ያለ ስልቻ በሶና ዳቦ ቆሎ ይያዝበታል። በሶ በውሃ ከተበጠበጠ እሳት አያሻውም፤ በሌሊት ወደ ሱዳን ለሚጓዝ ሰው እሳት ማንደድ ደግሞ በወታደርም በሽፍታም መታየት ነበር። ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ የሌላ እምነት ሰው ያረደውን ሥጋ ስለማይበሉ፣ ስንቁ ከቤት መውጣት ነበረበት።

ደርግ ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣትን ከልክሎ ነበር። በጎንደር ዕብራይስጥ የሚያስተምሩ ታሰሩ፤ በመንገድ የተያዙም ተደብድበው እስር ቤት ገቡ። ወደ እስራኤል ለመድረስ በመተማ ቆላ በኩል ወደ ሱዳን ያመሩት ኬላ እየሸሹ፣ ቀን ተደብቀው ሌሊት በእግራቸው ይጓዙ ነበር። የደጋ ሰው ናቸውና ወባው በረታባቸው። ድንበሩን አልፈው ሱዳን ገዳሪፍ አጠገብ ኡም ራኩባ መጠለያ የደረሱት እዚያም ማንነታቸውን መደበቅ ነበረባቸው።

ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» 8,000 ያህል ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። በመንገድና በመጠለያ 4,000 ያህል እንደሞቱ ይገመታል፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ ይገኛል።