የጥርስ ትል የተባለው ምን ነበር?



የጨቅላ ልጆቻችን ጥርስ ገና ሳይጠና ሲጠቁርና ሲበሰብስ እናያለን። ምክንያቱ ምንድን ነው? በዛሬው ዝግጅታችን የሰው ልጅ ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የሰጠውን መልስ በአጭሩ እንቃኛለን።

ጥንታዊው መልስ «ትል ነው» የሚል ነበር። ይህ እምነት በባቢሎን የሸክላ ጽሑፍ ላይ ሳይቀር ይገኛል። በአገራችንም ጥርስን በጭስ አጥነው «ትሉ ወጣ» የሚሉ አልጠፉም። ይሁንና በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሻም ሰው የነበረው ዐብዱረሕማን አል-ጀውበሪ የአታላዮችን ዘዴ ባጋለጠበት መጽሐፉ፣ ከጥርስ ትል እናወጣለን የሚሉትንም አልማራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1728 ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ፎሻር በማጉያ መሣሪያ መርምሮ ትል እንዳላገኘ ጻፈ። ስኳር ጥርስን እንደሚጎዳም አስጠነቀቀ።

እውነተኛው ምክንያት ግልጽ እየሆነ የመጣው በ1890 ነው። ዊሎቢ ሚለር የተባለ ተመራማሪ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳርንና ስታርችን ወደ አሲድ እንደሚለውጡ፣ አሲዱም ጥርስን እንደሚያሟሟ አስረዳ።

ከ1945 ጀምሮ በስዊድን ቪፔሆልም በተባለ ተቋም በአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ላይ ሙከራ ተደረገ። ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ የሚጣበቅ ከረሜላ እንዲበሉ መደረጉ ግፍ ነበር። ውጤቱ ግን ትልቅ ትምህርት ሰጠ። ጣፋጭን ከምግብ ጋር ከመውሰድ ይልቅ በምግብ መካከል ደጋግሞ መብላት ጥርስን እጅግ ያበሰብሳል። የስዊድን ልጆች ከረሜላ በቅዳሜ ብቻ የመብላት ልማድም ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ።

በ1962 የጥርስ ሐኪሙ ኤልያስ ፋስ ጡጦ አፋቸው ውስጥ ሆኖ የሚተኙ ሕፃናት የላይ የፊት ጥርሶቻቸው እንደሚበሰብሱ ጻፈ። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ጣፋጩ ጥርሱ ላይ ያድራል። የታች የፊት ጥርሶችን ምላስ ስለሚሸፍናቸው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ! ሲያለቅስ ዝም እንዲል ጣፋጭ ሻይ በጡጦ መስጠት፣ የእንጀራ እናቱን ጫፍ ማር መቀባት፣ ቀኑን ሙሉ ብስኩት ማስያዝ፣ ማታ ሳያጸዱ ማስተኛት፣ ትሉን የምንመግበው እኛው መሆናችን ነው። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» አንበል። የኋላ የወተት ጥርሶች እስከ 10 እና 12 ዓመት ያገለግላሉ። ያልበቀለን ጥርስ በባህላዊ መንገድ ማስነቀልማ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሕዝባቸው ላይ እንዳይከብድ ባይሰጉ ኖሮ ለየሶላቱ ሲዋክን ባዘዙ ነበር። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል ጀምሮ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና፣ ከ3 ዓመት በታች ላሉት የሩዝ ፍሬ በምታህል መጠን፣ በቀን ሁለት ጊዜ እንፋቅላቸው። ልጅ አማና ነው፤ ጥርሱም የአማናው ክፍል ነው።